ስም መሰየምና ስም መሸከም፦ ከፖስታ ቤት እስከ ቤተ ልሔም

ሕዝቦች ባለውለታዎቻቸውን ከሚዘክሩባቸው መንገዶች አንዱ አደባባይን፣ ጎዳናን ወይም የሕዝብ መሥሪያ ቤትን በስማቸው መሰየም ነው። በአሜሪካ አንድ የአጥቢያ ፖስታ ቤት በሰው ስም እንዲጠራ ሲፈለግ ሁለቱ ምክር ቤቶች አጽድቀውት ፕሬዚዳንቱ የሚፈርሙበት ሕግ ይወጣል። በግድግዳው ላይም የመታሰቢያ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ የደብዳቤዎች አድራሻ ግን እንደ ቀድሞው ይቀጥላል። ክብሩ ከሰሌዳው አያልፍም።

ዘመናዊው የፖስታ አገልግሎት በአገራችን የተቋቋመው በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። የአዲስ አበባው ዋና ፖስታ ቤት የማንንም ሰው ስም ባይይዝም የቆመበት ጎዳና በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር በቸርችል ስም ይጠራል። በባለሥልጣን ትእዛዝ የተሰጠ ስም በትእዛዝ ሊሻርም ይችላል። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል።

ዛሬ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደግሞ የያሬድን ስም ይዟል። የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሙዚቃ ሊቁ አሸናፊ ከበደ ነበሩ። ተማሪዎቹ ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር ክራርን፣ ማሲንቆንና ዋሽንትን ይማራሉ። መንግሥታት ቢለዋወጡም ይህ ስም ጸንቶ ቆይቷል። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ጋይንት ምድር መሄድ ያስፈልጋል።

ትውፊት እንደሚያስረዳው ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን የኖረ ሊቅ ሲሆን፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስት የዜማ ዓይነቶች የእርሱ ናቸው ይባላል። ታላቁ ድርሰቱ ድጓ የሚመሰከርበት ስፍራ ግን በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የምትገኘው ቤተ ልሔም ናት። የድጓ ተማሪ በየትም አገር ቢማር የመምህርነት ማዕርግ ለማግኘት ወደዚያ ይወጣል። ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ እያንዳንዱን ቃል ከነምልክቱ ያዜማል። ይዘቱ፣ ደረቱ፣ ርክርኩ፣ ድፋቱ፣ ጭረቱ አንድ በአንድ ይታያል፤ የሳተ ይታረማል። ዓመታት በፈጀ ድካም፣ ብዙ ጊዜም ምግቡን ከየመንደሩ እየለመነ የተማረው ደቀ መዝሙር ምስክርነቱን የሚያገኘው በዚህ ሁኔታ ነው። ዝማሬና መዋሥዕት ደግሞ የሚመሰከሩት በዚያው በደቡብ ጎንደር በሚገኘው በዙር አባ ነው።

የታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ የቤተ ልሔም ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን በኋላ ዘመን በተሠራ ክብ የሣር ክዳን ሥር ተሰውሮ ኖሯል። የዜማው ትምህርት ታሪክም ይህን ይመስላል፤ ከውጭ ለሚያልፍ መንገደኛ አይታይም፣ ወደ ውስጥ ለገባ ግን ይገለጣል። ከዚህም በላይ የቦታው ስም ራሱ የእውቀት ስም ሆኗል፤ ሊቃውንት የዜማን ስልት ቤተ ልሔም፣ ቆማና አጫብር ብለው ይለያሉ። ይህን ስያሜ የሰጠው አዋጅ የለም። በቃል የተላለፈ ትምህርትና የደቀ መዛሙርት ድካም ያጸኑት ስም ነው።

ስለሆነም በሰው ስም የተሰየመ ተቋም ሁሉ በዕዳ የተያዘ ነው ማለት ይቻላል። የያሬድን ስም የተሸከመ የጥበብ ቤት ከቤተ ልሔም መምህራን ጋር ዘወትር ሊገናኝ፣ ዜማቸውን ከነምልክቱ ሊቀርጽና ሊያጠና፣ ተማሪዎቹንም ወደዚያ ሊልክ ይገባዋል። መምህራንና ከያንያንም በየአካባቢያቸው በሰው ስም የተጠራ ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ ሲያገኙ፣ ባለስሙ ምን እንደሠራ፣ ሥራውንስ ዛሬ ማን እንደሚቀጥለው ቢጠይቁ ለባህላችን ትልቅ አገልግሎት ይሆናል። ሰሌዳ በአንድ ቀን ይሰቀላል፤ ስሙን ሕያው የሚያደርገው ግን ሥራውን ከልጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፍ መምህር ነው።