ላዳዋ፣ ቤንዚኑና የእርሳሱ ሒሳብ

ዛሬ ወሬያችን ስለ ቤንዚን ነው። ስለ ወረፋውና ስለ ዋጋው ግን አይደለም፤ እሱንማ ሁላችንም በየዕለቱ እናወራዋለን። ቤንዚን ውስጥ ስለሚጨመረው ነገር ነው።

ከመካከላችን የአንዷ አባት የላዳ ታክሲ ሹፌር ነበሩ። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ መሸጥ ሲጀምር፣ በ2003 ደግሞ ድርሻው 10 በመቶ ሲደርስ፣ ማታ ቤት ሲገቡ የሚደጋግሟት ስሞታ ነበረቻቸው። «ይቺ ድብልቅ ቶሎ ታልቃለች!» የሰማቸው የለም። ሒሳቡ ግን ከእሳቸው ጋር ነው። አንድ ሊትር ኢታኖል ከአንድ ሊትር ቤንዚን ሲሶ ያህል ያነሰ ጉልበት አለው። 10 በመቶ ሲቀላቀል ኪሳራው 3 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በ100 ብር ቤንዚን 3 ብር እንደ ማለት። ለሹመኛ ምንም ነው፤ ለላዳ ሹፌር ግን የአንድ ሻይ ዋጋ።

ኢታኖል ሌላ ጸባይም አለው፤ ሞተር እንዳያንኳኳ ያደርጋል። ማንኳኳት ማለት ፒስተን የጨመቀው ቤንዚንና አየር የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ጊዜ ሲፈነዳ ነው። የማያንኳኳ ነዳጅ ከተገኘ አጥብቆ የሚጨምቅ ሞተር መሥራት ይቻላል፤ እንዲህ ያለው ሞተር ደግሞ ከዚያው ሊትር ብዙ ኪሎ ሜትር ያወጣል። አሮጌዋ ላዳ ለዚህ አልተሠራችም። ጉዳቱ ደረሳት እንጂ ጥቅሙስ እምብዛም።

ይህችው ማንኳኳት ናት በ1921 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ዴይተን፣ ኦሃዮ ውስጥ የጄነራል ሞተርስ ተመራማሪዎችን እንቅልፍ የነሳችው። ቻርልስ ኬተሪንግና ረዳቱ ቶማስ ሚድግሊ አልኮል እንደሚያስታግሳት ያውቁ ነበር። ችግሩ አልኮል ብዙ መጨመር አለበት፤ በዚያ ላይ ማንም ገበሬ ከእህሉ ሊያወጣው ይችላል። በታኅሣሥ ወር ሚድግሊ ቴትራ ኤትል ሊድ የሚባለውን የእርሳስ ውሁድ ሞከረ። ለ1,000 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ገደማ በቂ ሆነ! እርሳሱ ራሱ ጉልበት አይሰጥም፤ ሞተሩ አጥብቆ እንዲጨምቅ በሩን ይከፍታል እንጂ። ከሁሉም በላይ ግን ባለቤት ሊበጅለት ይችላል። እኛ እንደምናየው ፍርዱን የሰጠችው ይህቺ ነገር ናት።

በ1923 «ኤትል» በሚል ስም ገበያ ወጣ። «እርሳስ» የምትለዋ ቃል ከስሙ ውስጥ የለችም። በ1924 ኒው ጀርሲ ባለው የስታንዳርድ ኦይል ፋብሪካ አምስት ሠራተኞች እያበዱ ሞቱ። ሚድግሊ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ እጁን በፈሳሹ ታጠበ፣ ጠርሙሱንም ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ። እሱ ራሱ ቀደም ብሎ በዚያው እርሳስ ተመርዞ ታምሞ እንደነበር ግን አልነገራቸውም። (ጋዜጠኝነት ላጠናን ሰዎች ከዚህ ሁሉ የሚቆጨን ይሄ ነው፤ ቢጠይቁት ምን ነበረበት?) በ1925 መንግሥት በጠራው ስብሰባ ላይ አንድ የኩባንያው ሰው ነገሩን የእግዚአብሔር ስጦታ ይመስላል እስከ ማለት ደረሰ፤ ነዳጅ ይቆጥባልና። በተከታዩ ዓመት አጣሪው ኮሚቴ የሚያስከለክል ምክንያት አላገኘሁም አለ።

ቁጠባው እውነት ነበር። ከመኪናው ጭስ የሚወጣው እርሳስ ግን በልጆች ደምና አእምሮ ላይ ሲቆጠር ኖሯል። በ1965 ክሌር ፓተርሰን የተባለው ሳይንቲስት አየሩና ሰውነታችን ምን ያህል እርሳስ እንደ ተሸከሙ አሳየ። አሜሪካኖች ከ1975 ጀምሮ እርሳስ አልባ ቤንዚን ማስፋፋት ሲጀምሩ ግን አንደኛው ምክንያት፣ እናንተዬ፣ እርሳሱ ለአዲሱ የጭስ ማጣሪያ ስለማይስማማ ነበር! ለመኪና የሚሸጠውን ሙሉ በሙሉ የከለከሉት በ1996 ነው። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ እስከ 2005 መጨረሻ ቆየ። በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ደግሞ በ2021 አቆመች።

የላዳው አባታችን ይህን ሁሉ ስንነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡን። ከዚያ እጃቸውን አገላብጠው አዩት። በወጣትነታቸው ጋራዥ ሲሠሩ ቤንዚኑን ከሳልባትዮ የሚያወጡት ጎማ ከትተው በአፋቸው እየሳቡ ነበር። ማታም ግሪሱን የሚያስለቅቁት በዚያው ቤንዚን ታጥበው ነው፤ ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ልጅ ያቅፋሉ።