ጊደሪቱን የማይጠብቅ አምላክ፦ የእግዚአብሔር በራሱ መኖርና ወደ አክሱም የተላከው ደብዳቤ

በቡሌ ሆራ፣ በያቤሎ፣ በሜጋ ወይም በነጌሌ ቦረና የሚያገለግሉ ከሆነ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረውን ድርቅ ላስታውስዎ አያስፈልግም። ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ቀረ፤ ጋናውም ሐጋያውም ከዳ። ከብት በየመንገዱ ዳር ወደቀ፤ መንጋ የነበረው ሰው የእርዳታ እህል ተሰልፎ ተቀበለ።

በዚያ ወቅት በአንድ የጸሎት ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሰባኪው ስለ መስጠት ሲናገር፣ እግዚአብሔር የሚጠብቀው ያቺን የቀረችውን አንዲት ጊደር እንደ ሆነና እርሷን እስኪያገኝ ድረስ እጁ እንደማይፈታ ተናገረ። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አባት አንገታቸውን ደፉ። ጉባኤው «አሜን» አለ። እኔም አስተማሪ ነኝ የምለው ሰው ዝም ብዬ ወጣሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ዝምታ ስለሚከነክነኝ ነው።

ሰባኪው የሳተው ስለ መስጠት ብቻ አይደለም። እግዚአብሔር ማን እንደ ሆነ ስቷል። በነገረ መለኮት ይህ ርዕስ «የእግዚአብሔር በራሱ መኖር» ይባላል፤ ላቲኖቹ «ከራሱ» ከሚለው ቃላቸው ተነሥተው አሴይታስ ብለውታል። ትርጉሙ እግዚአብሔር ራሱን ፈጠረ ማለት አይደለም፤ ተማሪዎቻችን በፈተና ላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጽፋሉ። ራሱን የፈጠረ ከመኖሩ በፊት መኖር ነበረበት፤ ይህ ከንቱ ነገር ነው። ትርጉሙ ለመኖሩ ምክንያት የሌለው፣ ሕይወቱን ከማንም ያልተቀበለ፣ ለመኖርም ሆነ ለመባረክ ምንም የማይጎድለው ማለት ነው። ጳውሎስ በአቴና በአርዮስፋጎስ ቆሞ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ለሁሉ ሕይወትንና እስትንፋስን የሚሰጥ አምላክ ከሰው እጅ የሚቀበለው ጉድለት የለውም (ሐዋ. 17፥24-25)።

ይህ ትምህርት ከውጭ አገር መጽሐፍ የመጣ፣ የእኛን ምድር የማይነካ ረቂቅ ነገር ይመስላል። እንዲያውም በዚህ ትምህርት ላይ የተነሣው ትልቁ ክርክር ከተጀመረ አርባ ዓመት ሳይሞላው ወደ አገራችን ቤተ መንግሥት ደርሶ ነበር።

በአራተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በ356 ወይም በ357 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ የሮም ቄሣር ቆስጠንጢዮስ ዳግማዊ ለአክሱም ነገሥታት ለዒዛናና ለሣይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ዛሬ በእጃችን የሚገኘው አትናቴዎስ ለቄሣሩ በጻፈው የመከላከያ ጽሑፍ ውስጥ ስላስገባው ነው። የቄሣሩ ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ አትናቴዎስ ጳጳስ አድርጎ የሾመላችሁን ፍሬምናጦስን ወደ ግብፅ ላኩ፤ በአትናቴዎስ ወንበር በተተካው በጊዮርጊስ ፊት ቀርቦ ሃይማኖቱ ይመርመር። የእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተከሳሽ ሆነው ተጠሩ ማለት ነው።

ክሱ ምን ነበር? አርዮስና ተከታዮቹ የተነሡት ከእውነተኛ ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ምንጭ የሌለው ነው ከሚለው። ቀጥለውም፣ ወልድ የተወለደ ነው፣ የተወለደ ምንጭ አለው፣ እንግዲህ ወልድ በእውነት አምላክ አይደለም፣ በአብ ፈቃድ የተገኘ ፍጡር ነው አሉ። ክርክሩ በከፊል የቃል ነበር። በግሪክኛ «አጌኔቶስ» የሚለው ቃል በአንድ «ን» ሲጻፍ «መሆን ያልጀመረ»፣ በሁለት «ን» ሲጻፍ «ያልተወለደ» ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን ሁለቱን የሚለያቸው ጥቂት ነበር። በእኛ ፊደል ልዩነቱ ጨርሶ አይታይም፤ መጥበቅና መላላትን አንጽፍምና። «አለ» የሚለውን ቃል ያንብቡ፤ ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይኖራል» ነው። (ለሙሴ ከቁጥቋጦው የተናገረውን ለሚሰብክ ሰው ይህች ቃል ደስ ትላለች፤ ያለው ነው ያለው።)

የኒቅያ አባቶች በ325 እ.ኤ.አ. የሰጡት መልስ መወለድ መፈጠር አይደለም የሚል ነው። አብ ለወልድ የሚሰጠው ከሕይወቱ የተቆረሰ ቁራሽ አይደለም፤ በራሱ ያለውን ያንኑ ሕይወት ነው። ዮሐንስ 5፥26ን በዚህ ዓይን ያንብቡት። አብ በራሱ ሕይወት አለው፤ ለወልድም የሰጠው በራሱ ሕይወት እንዲኖረው ነው። ተሰጠ፣ ግን የተሰጠው «በራሱ» መሆን ነው። ከአሥራ አንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ካልቪን ይህንኑ ለይቶ ተናገረ፦ ወልድ በአካሉ ከአብ ነው፣ በአምላክነቱ ግን ከራሱ ነው። ስለዚህ አባባሉ በወንጌላውያን መካከልም ብዙ ተጽፎበታል፤ እኔ ከካልቪን ጋር ነኝ።

ለአክሱም ምን ለውጥ ያመጣ ነበር? ዒዛና ከማመኑ በፊት ባስቀረጸው ጽሑፍ ራሱን «የማሕረም ልጅ» ይላል፤ ከድል በኋላም ለማሕረም በሬና ምርኮኛ ሰው ሰጥቷል። ማሕረም የሚበላ አምላክ ነበር፤ ንጉሡ ያሸንፋል፣ አምላኩ ይቀለባል። ካመነ በኋላ ባስቀረጸው ጽሑፍ ደግሞ ድሉንና መንግሥቱን የሰጠው የሰማይ ጌታ እንደ ሆነ ይናገራል። በሳንቲሙም ላይ ጨረቃው ወርዶ መስቀል ገባ። አሁን ሰጪው ማን፣ ተቀባዩ ማን እንደ ሆነ ተገልብጧል። የቄሣሩ ሃይማኖት ቢጸና ኖሮ የአክሱም ሰዎች የሚታመኑት አዳኝ ራሱ ሕይወትን የተበደረ ይሆን ነበር። በተበደረው ላይ የሚደገፍ በምን ያርፋል? የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን በኒቅያ ሃይማኖት ጸንታ ቆየች። በብዙ ነገር ከእርሷ ብንለይም ይህን ከእርሷ ተቀብለናል፤ በሰባኪነታችን ልናመሰግናት የሚገባ ይመስለኛል።

ወደ አካባቢያችን ልመለስ። «እግዚአብሔር» የሚለው ስም ሲፈታ «የብሔር፣ የምድር ጌታ» ነው። ስሙ ውብ ነው፤ ነገር ግን በድርቅ ዘመን ጥያቄ ያመጣል፤ ምድሪቱ ስትሞት ጌትነቱ ምን ይሆናል? ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሕዝቡን የራሱን ቃል፣ ዋቃን፣ ተጠቀመ። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ደቡብ ሲመጣ ሕዝቡ ይህን ስም ከጥንት ጀምሮ ይጠራው ነበር። ዋቃ ፈጣሪም ነው፣ ሰማይም ነው። ቦረና በዚህ ቃል አንድ አምላክ እንዳለ ያውቃል፤ ይህ ለወንጌል ሰባኪ ትልቅ በር ነው። ነገር ግን ሰማዩ ሲደርቅ አምላክ የደረቀ፣ ሰማዩ ሲዘጋ አምላክ የተቀየመና ካሣ የሚፈልግ ሊመስል ይችላል። ያ ሰባኪ የነካው ይህን ሥር ነው። ከዒዛና ማሕረም ብዙም አልራቀም።

በሴሚናሪ ክፍላችን ይህን ሳስተምር ከቆላው የመጣ አንድ ተማሪ እጁን አነሣ። «መምህር፣ ምንም የማይጎድለው ከሆነ ስለ እኛስ ምን ገዶት?» አለኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ቶሎ የሚመልሰው ሰው አልሰማውም። ለብዙዎቻችን ራሱን የቻለ ሰው ማለት ጎረቤቱን የማይጠይቅ ባለጠጋ ነውና። ነገር ግን አብ ዓለም ሳይፈጠር ወልድን ይወድድ ነበር (ዮሐ. 17፥24)። በራሱ ያለው አምላክ ብቸኛ ሆኖ አያውቅም፤ ሙላቱም ፍቅር ነው። የፈጠረን ፍቅርን ፍለጋ አልነበረም፤ ስለዚህ ፍቅሩ ሒሳብ የለበትም። የሚፈልግብዎት ነገር ያለው ወዳጅ ያ ነገር ሲያልቅ ይሄዳል። ከብቱ ያለቀበት ሰው ይህን ከእኔና ከእርስዎ ይልቅ ያውቃል።

ለተማሪው መዝሙር 50ን እንዲያነብ ነገርኩት፤ በሰባ ሊቃናት ቁጥር 49 ነው። መዝሙሩ በከብት የተሞላ ነው፤ ለአርብቶ አደር የተጻፈ ያህል። እግዚአብሔር በዚያ መሥዋዕት አቅራቢዎቹን ይወቅሳል፦ በሺህ ተራሮች ላይ ያለው እንስሳ የእርሱ ነው፤ ቢራብ እንኳ ለእነርሱ አይናገርም፤ የኮርማ ሥጋ አይበላም። ተማሪው እስከ ቁጥር 13 አንብቦ ቆመ። «ቀጥል» አልኩት። ቁጥር 14 ስለ ምስጋና መሥዋዕት ይናገራል፤ መስጠት አልቀረም፣ ምክንያቱ ግን ተለወጠ። በቁጥር 15 የማይራበው አምላክ በመከራ ቀን እንድንጠራው ያዝዛል፣ እንደሚያድነንም ይናገራል። ተማሪው ይህን ቁጥር በኦሮምኛ ደግሞ አነበበው፤ ከዚያም ለእናቱ ስልክ ሊደውል ከክፍል ወጣ።