ሰሌዳው ሰው አይመርጥም
(ስለ ፍላጻ ውርወራ ውድድር በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



ለዓይን ቀላል መስሎ ለእጅ እጅግ የሚከብድ ጨዋታ ቢኖር፣ ፈረንጆች ዳርት የሚሉት የፍላጻ ውርወራ ነው። ሰፊ ሜዳ አያሻውም፤ ፈረስም ሆነ ልዩ መሣሪያ አይፈልግም። አንድ ክብ ሰሌዳ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ተጫዋቹም ሦስት ትንንሽ ፍላጻዎች ይዞ ከመስመሩ ላይ ቆሞ ይወረውራል። ነገሩ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ሆኖ ሳለ፣ በ2026 ዓ.ም. በለንደን ከተማ በተፈጸመው የዓለም ሻምፒዮና ለአሸናፊው የተመደበው ሽልማት 1 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር።

እኔ ግን ዛሬ ላወሳላችሁ የፈለግሁት ስለ ገንዘቡ አይደለም፤ ስለ በሩ ነው። ወደ ውድድሩ አዳራሽ ማን ይግባ? ማንስ በደጅ ይቅር? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው? የፍላጻ ውርወራ ታሪክ በመሠረቱ የእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ታሪክ ነው። ጥያቄዎቹ ደግሞ ፈተና ተፈትነን፣ ማመልከቻ ጽፈን፣ የሹመት ተራ ጠብቀን ለምናውቀው ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች እንግዶች አይደሉም። በዚህ ንግግር የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

አስቀድመን የጨዋታውን ሥርዓት በአጭሩ እንመልከት። የሰሌዳው እምብርት ከወለሉ 1 ሜትር ከ73 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ ተጫዋቹም ከሰሌዳው ፊት 2 ሜትር ከ37 ሳንቲሜትር ርቆ ይቆማል። ሰሌዳው በ20 ክፍሎች ተከፋፍሏል። ቁጥሮቹን የደረደራቸው ሰው ልባም ነበር ለማለት ይቻላል፤ ከሁሉ የሚበልጠውን 20ን ከ5 እና ከ1 መካከል አስቀምጦታልና። ብዙ ለማግኘት የጓጓ እጅ ጥቂት ቢያዘነብል ቅጣቱን ወዲያው ያገኛል። ነጥቡን ሦስት እጥፍ የሚያደርገው ቀጭን ቀለበት ስፋቱ 8 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ተጫዋቾቹ ከ501 እየቀነሱ ወደ ዜሮ ይወርዳሉ፤ የመጨረሻይቱ ፍላጻ ግን የግድ ነጥቡን እጥፍ በሚያደርገው የዳር ቀለበት ላይ፣ ወይም 50 በሚቆጠርበት በመካከለኛው እምብርት ላይ ማረፍ አለባት። ስለዚህ ብዙ ነጥብ የቆጠረ ሁሉ አያሸንፍም፤ የጀመረውን መጨረስ የቻለ ነው የሚያሸንፈው።

ጨዋታው ያደገው በእንግሊዝ አገር መጠጥ ቤቶች ውስጥ ነው። በ1927 ዓ.ም. ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ የተባለው ጋዜጣ በለንደንና በአካባቢው አንድ ውድድር አቋቋመ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ውድድሩ ለመላው አገር ተከፈተ። የዚያ ውድድር በር ሰፊ ነበር። አናጢውም፣ ማዕድን ቆፋሪውም፣ ጸሐፊውም በሰፈሩ መጠጥ ቤት ስሙን አስመዝግቦ ይጀምራል፤ የቤቱን ሻምፒዮንነት ካገኘ ወደ አካባቢው፣ ከአካባቢውም ወደ ታላቁ ፍጻሜ ይሻገራል። በ1960ዎቹ ዓመታት ፍጻሜው የሚደረገው በለንደን በአሌክሳንድራ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ነበር። ነገር ግን ይህ ሰፊ በር ምሕረት አልነበረውም። እያንዳንዱ ግጥሚያ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ለቀደመ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ደቂቃ እጁ የከዳው ሰው የዓመት ተስፋውን አጥቶ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ኦሊ ክሮፍት የተባለው ሰው የብሪታንያን የዳርት ድርጅት መሠረተ። ድርጅቱ በየአውራጃው ቡድን አቁሞ፣ ሕግ አውጥቶ፣ በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና በኖቲንግሃም ከተማ አደረገ። የተወዳደሩት 16 ሰዎች ነበሩ፤ ያሸነፈውም የዌልሱ ተወላጅ ሌይተን ሪስ ነበር፤ ሽልማቱም 3,000 ፓውንድ ነበር። ቴሌቪዥንም ጨዋታውን ከመጠጥ ቤት አውጥቶ በየቤቱ አስገባው።

የማጣሪያ ውድድር ምን እንደሚጠቅም ከሁሉ ይልቅ የገለጸው የ1983 ዓ.ም. ሻምፒዮና ነው። በዚያን ጊዜ የጨዋታው ንጉሥ ኤሪክ ብሪስቶ ነበር። ኪት ዴለር የተባለው የ23 ዓመት ወጣት ግን በማጣሪያ በኩል አልፎ የመጣ ስለ ነበረ ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ጥቂት ነበር። ይህ ወጣት ጆን ሎውን፣ ቀጥሎም ጆኪ ዊልሰንን አሸነፈና በፍጻሜው ከብሪስቶ ጋር ተገናኘ። ውጤቱ 5 ለ 5 ደርሶ የመጨረሻው ጨዋታ ሲመጣ፣ ብሪስቶ 50 ቀርቶት አንዲት ፍላጻ በእጁ ነበረች። እምብርቱን ቢመታ ጨዋታውን ይወስድ ነበር። እርሱ ግን ዴለር የቀረውን 138 በሦስት ፍላጻ አይጨርስም ብሎ አሰበና፣ ለሚቀጥለው ተራ የሚመቸውን ቁጥር ትቶ እምብርቱን ሳይሞክር ቀረ። ዴለርም ቀረበ፤ በመጀመሪያይቱ 60፣ በሁለተኛይቱ 54፣ በሦስተኛይቱ 24 መታ። በዚህም በማጣሪያ የገባው እንግዳ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

አንባቢ ሆይ፣ ብሪስቶ የተሸነፈው በክንዱ ድካም አይደለም፤ በማጣሪያ የመጣ ሰው ይህን ያህል አይችልም ብሎ በማሰቡ ነው። በሩ የተዘጋ ቢሆን ኖሮ ይህ ግምት እውነት መስሎ ይኖር ነበር፤ የሚያስተባብለው ሰው አዳራሹ ውስጥ አይገኝም ነበርና።

ከዚህ በኋላ ክፉ ዘመን መጣ። በጭስና በመጠጥ የተከበበው የጨዋታው መልክ ስሙን እያጎደፈው ሄደ፤ የቴሌቪዥን ድርጅቶችም አንድ በአንድ ተዉት። ኑሮአቸው በጨዋታው ላይ የቆመ ተጫዋቾች ገቢያቸው ደረቀ። ድርጅቱ መፍትሔ አልፈለገልንም ያሉ 16 ታላላቅ ተጫዋቾችም ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ በ1992 ዓ.ም. የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ነባሩ ድርጅት በበኩሉ በ1993 ዓ.ም. በሩን ዘጋባቸው፤ በሥሩ በሚደረጉት ውድድሮች ሁሉ እንዳይጫወቱ ከለከላቸው። ከታገዱት መካከል ከዚያ በፊት የዓለም ሻምፒዮን የነበሩ ሰዎች ይገኙ ነበር። ሰሌዳው ሻምፒዮን ያላቸውን ሰዎች ማኅተም የያዘው ጽሕፈት ቤት አላውቃችሁም አላቸው።

ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ከፈጀ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። ተጫዋች ሁሉ በፈለገው ውድድር የመሳተፍ ነጻነት እንዳለው ታወቀለት፤ አዲሱም ማኅበር የባለሙያ ዳርት ኮርፖሬሽን ተባለ። ከዚህ በኋላ ዘመኑ ለአዲሱ ሆነ። በስቶክ ኦን ትሬንት ከተማ የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረውና በብሪስቶ የገንዘብ ርዳታ የተደገፈው ፊል ቴይለር፣ በ1990 ዓ.ም. በነባሩ ሻምፒዮና ፍጻሜ ባለውለታውን ብሪስቶን 6 ለ 1 አሸነፈ፤ በጠቅላላውም 16 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ለመባል በቃ። በሩን የዘጋው አሮጌው ድርጅት ግን ተጫዋቾቹ እየተለዩት፣ ሽልማቱም እየሳሳ ሄዶ በ2020 ዓ.ም. ፈረሰ። በር መዝጋት ውስጥ ያለውን እንደማያድን ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

አዲሱ ማኅበር በተራው በርን እንዴት መጠበቅ እንደሚገባ ማሰብ ነበረበት። በ2011 ዓ.ም. ያወጣው ሥርዓት እንዲህ ነው። የባለሙያነት ካርድ የሚይዙት 128 ሰዎች ናቸው። ተጫዋቾች በሁለት ዓመት ውስጥ በሽልማት ያገኙት ገንዘብ በመዝገብ ይደመርና ደረጃቸው በዚያ ይታወቃል። ከ1ኛ እስከ 64ኛ ያሉት ካርዳቸው ይጸናላቸዋል፤ ከዚያ በታች ሆኖ የሁለት ዓመት ጊዜው ያለቀበት ካርዱን ይመልሳል። የተጓደለውን ለመሙላት በየዓመቱ በጥር ወር በእንግሊዝና በጀርመን ታላቅ ማጣሪያ ይደረጋል። ስሙን ትምህርት ቤት ብለውታል፤ ነገር ግን መምህር የሌለው፣ ፈተና ብቻ ያለበት ትምህርት ቤት ነው። ተፈታኙ የመግቢያውን ከኪሱ ከፍሎ ይመጣል። ካርዱን ያጣው አሮጌ ተጫዋችና ካርዱን የሚመኘው ጎረምሳ ከአንድ መስመር ላይ ቆመው ይወረውራሉ።

በዚህ መዝገብ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከሁለት ዓመት በፊት የተገኘው ገንዘብ ጊዜው ሲደርስ ከመዝገቡ ይሰረዛል። ስለዚህ ያለፈ ዝና ሰውን አያኖረውም፤ ትናንት ያገኘውን ዛሬ ደግሞ ማግኘት አለበት። እንዲህ ያለ ሥርዓት በመሥሪያ ቤቶቻችን ቢገባ ስንቶቻችን ከወንበራችን ላይ እንቀር ይሆን? ብሎ ራሱን የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም።

ካርድ ያገኘ ሰው ዓመቱን በሙሉ ዕረፍት የለውም። ለተመልካች ክፍት ባልሆነ አዳራሽ፣ በብዙ ሰሌዳዎች ላይ ባንድ ጊዜ፣ ከጥዋት እስከ ማታ የሚደረግ የአንድ ቀን ሻምፒዮና አለ፤ በዓመት ውስጥም 30 ያህል ጊዜ ይመላለሳል። በዚያ በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የመንገዱና የማደሪያው ኪሳራ ግን የራሱ ነው። በመጋቢት ወር ገደማ ማይንሄድ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ የእንግሊዝ ኦፕን ሲደረግ፣ ካርድ የሌላቸው አማተሮችም በማጣሪያ አልፈው ከታላላቆቹ ጋር በዕጣ ይገናኛሉ። በሐምሌ በብላክፑል 32 ሰዎች ብቻ ይገባሉ፤ 16ቱ ከሁለት ዓመቱ መዝገብ፣ 16ቱም ከአንድ ዓመት መዝገብ ይመረጣሉ። በታኅሣሥ የዓለም ሻምፒዮና ይመጣል፤ ቦታውም ያው የጥንቱ አሌክሳንድራ ቤተ መንግሥት ነው።

በሩ ቀስ በቀስ እየሰፋ መጥቷል። በ2018 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የዓለም ሻምፒዮና 96 ሰዎችን ተቀበለ፤ በ2025 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው ደግሞ 128 አድርጓቸዋል። ከተለያዩ አገሮች ማጣሪያ የሚመጡትም ቦታ አግኝተዋል። በታኅሣሥ 2019 ዓ.ም. በሴቶች ማጣሪያ ያለፈችው ፋለን ሼሮክ በዚህ ሻምፒዮና ወንድ ተጋጣሚዋን ያሸነፈች የመጀመሪያይቱ ሴት ሆነች፤ ቀጥላም ሁለተኛውን አሸነፈች። በ2020 ዓ.ም. ጥር ሊሳ አሽተን በዚያ መምህር በሌለው ትምህርት ቤት ተፈትና ካርድ ያገኘች የመጀመሪያይቱ ሴት ሆነች። ሉክ ሊትለር የተባለው ልጅ የወጣቶችን የዓለም ሻምፒዮና በማሸነፉ ወደ ታላቁ ውድድር ተጠርቶ፣ በ16 ዓመቱ በጥር 2024 ዓ.ም. ለፍጻሜ ደረሰ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በ17 ዓመቱ አሸነፈ። ከጎረቤታችን ከኬንያም የእንስሳት ሐኪም የሆነው ዴቪድ ሙንዩዋ የአፍሪካን ማጣሪያ አልፎ በታኅሣሥ 2025 ዓ.ም. ለንደን ደረሰ፤ 2 ለ 0 ሲመራ የነበረውን የቤልጅግ ተጫዋች ማይክ ዴ ዴከርን 3 ለ 2 አሸነፈው።

ሥርዓቱ እንከን የለውም ለማለት አልደፍርም። ፕሪሚየር ሊግ በሚባለው ውድድር ከሚገቡት 8 ሰዎች መካከል 4ቱ በደረጃቸው ሲገቡ፣ የቀሩት 4 ግን በአዘጋጆቹ ምርጫ ይገባሉ። በየዓመቱ ጭቅጭቅ የሚነሣውም በእነዚህ በ4ቱ ላይ ነው እንጂ በመዝገብ በገቡት ላይ አይደለም። በመዝገብ የቀረ ሰው ያዝናል፤ ግን ምን እንደ ጎደለው ያውቃል፤ ጎድሎበት የቀረውን ለመሙላትም በማግሥቱ ይነሣል። በሰው ምርጫ የቀረ ግን ምን ጎደለኝ? ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት የለም። ከሽንፈት ይልቅ ሰውን የሚያመው ይህ ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች፣ ነገሬን ላጠቃልል። ሰሌዳው የሚወረውረውን ሰው ስም አያውቅም፤ የአባቱንም አገር፣ የወዳጁንም ማዕረግ አይጠይቅም። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ የሚለው ተረት በሰሌዳው ዘንድ አይሠራም። ሰው የሚመርጠው፣ ሰው የሚያገልለው በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ነው። ከእኛም መካከል ሰሌዳ የምንሆን ጥቂቶች ነን፤ በር ላይ የቆምን ግን ብዙዎች ነን። ማመልከቻ የምንቀበል፣ ፈተና የምናርም፣ የዕድገት መዝገብ የምንጽፍ ሁላችን በአንድ በር ላይ ቆመናል። በመዝገባችን ላይ የምንጽፈው ቁጥር የሰውየውን ሥራ ብቻ የሚናገር ከሆነ፣ ያለፈውም ያመሰግነናል፤ የቀረውም አይረግመንም። ነገ ጥዋት ጽሕፈት ቤታችን ገብተን የተከማቸውን ፋይል ስንከፍት፣ ከመካከሉ አንድ ኪት ዴለር ተቀምጦ እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

በደኅና ሰንብቱ።