ከሥራ ቀን የሚሰረዝ ቀን

የፕላኒንግ ሰዎች ስለ ሙያችን አመጣጥ ስናወራ ከዱፖንት እንጀምራለን። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የዱፖንቱ ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንዱ ጄምስ ኬሊ የክሪቲካል ፓዝን ስሌት በዩኒቫክ ኮምፒውተር ሠሩ። ሉዊቪል ከተማ የነበረው የዱፖንት ፋብሪካ ለጥገና የሚዘጋበት ጊዜም ከ125 ሰዓት ወደ 93 ወረደ። ተማሪ ሳለሁ የደነቀኝ የተቆጠበው ጊዜ ነበር፤ ዛሬ የሚገርመኝ መለኪያው ነው። በሰዓት ለሚቆጠር ጥገና እሑድ የለ፣ ገና የለ፣ ክረምት የለ። ሙያው ካላንደር ሳይዝ ነው የተወለደው ብል ብዙም አላጋነንሁ።

ስሌቱ የሚያወጣው «ቀን 47» ዓይነት ቁጥር ነው። ያ ቀን ተራ ማክሰኞ ይሁን ጥምቀት አያውቅም፤ ያንን የሚለየው ሰው ነው። ስሌቱን በወረቀት የተማሩት የመጀመሪያ አለቃዬ ሥራውን የሚሠሩት ባንኮች ለደንበኛ በሚያድሉት፣ የሀበሻውና የፈረንጁ ቀን ጎን ለጎን በታተመበት የግድግዳ ካላንደር ነበር። እሑዶቹንና በዓላቱን በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙና በቀሩት ቀናት ላይ ከ1 ጀምረው ቁጥር ይጽፋሉ። የመንገድ ሥራ ከሆነማ ሐምሌና ነሐሴ ጭራሽ አይቆጠሩም፤ በዚያ ጭቃ ማን አፈር ይጠቀጥቃል? ለገጠር ሳይት ደግሞ 12ን፣ 21ንና 27ን በእርሳስ ያከቡባቸዋል። ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም። በየወሩ ሲመጡ በመንግሥት ዘንድ የሥራ ቀን ናቸው፤ የአካባቢው የቀን ሠራተኛ ግን አይመጣም። በእርሳስ የሚጽፉት አማካሪው መሐንዲስ እንዳያየው እንጂ ሊያጠፉት አስበው አልነበረም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የገንዘብ ነው። በዓለም አቀፉ የፊዲክ የግንባታ ውል «ቀን» ማለት የካላንደር ቀን ነው፤ በዓሉም ዝናቡም ከማጠናቀቂያው ጊዜ ውስጥ ይቆጠራል። የ1999ኙ ቀይ መጽሐፍ በአየር ጠባይ ሰበብ ጊዜ የሚያራዝመው ሁኔታው ከወትሮው ውጭ እጅግ ሲከፋ ነው። የሐምሌ ዝናብ በሐምሌ መዝነቡ ለማንም ማራዘሚያ አያሰጥም። ክረምቱን ሳያወጣ ስኬጁል ያስገባ ኮንትራክተር ነሐሴን ከኪሱ ይከፍላል፣ ከዚያም የመዘግየት ቅጣቱ ይከተለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተውና ኋላ ኦራክል የገዛው የስኬጁል ሶፍትዌር ሠሪ ፕሪማቬራ ያንን ቀይ እስክሪብቶ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው። ፒ6 የተባለው ሶፍትዌሩ የሚያወጣውን ኤክስኢአር ፋይል እንደ ተራ ጽሑፍ ከፍቶ ያየ ሰው፣ እያንዳንዱ የዕረፍት ቀን ከዲሴምበር 30 ቀን 1899 ጀምሮ በተቆጠረ ቁጥር ተጽፎ ያገኛል። የ2015 ጥምቀት 44945 ነው። 365 ቢጨመርበት 45310 ይሆናል፤ ጃንዋሪ 19 ማለት ነው። ነገር ግን የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች የ2016 ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ዋለ፤ ትክክለኛው ቁጥር 45311 ነው። «በየዓመቱ ጃንዋሪ 19» ብሎ የሞላ ፕላነር የዚያን ዓመት የሶሌታ ሙሌት ጥምቀት ላይ ይጥለዋል። ሚክሰሩ በሩ ላይ ይቆማል፣ ሠራተኛው ጃን ሜዳ ነው።

አሁን በዓላትን በእጅ አልሞላም። ፕሮኮርን የመሰሉ መድረኮች የካላንደር መዝገብ በኤፒአይ ይቀበላሉ፤ የበዓሉን ስም፣ መነሻና ማብቂያውን ቀን ከፕሮጀክቱ መለያ ቁጥር ጋር አጭር ፕሮግራም ይልካል። (ስኬጁሉ ላይ ለዓይን የሚታይ መዝገብና ስሌቱን የሚገፋ የዕረፍት ቀን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ልኮ ሁለተኛውን የረሳ ሰው ያማረ ሥዕል እንጂ ስኬጁል የለውም።) የሚንቀሳቀሱትን በዓላት ቀን የሚያወጣልኝ ግን ከዱፖንት ብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም ስሌት ነው፤ ባሕረ ሐሳብ።

2016ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7516 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 11 ይቀራል፤ አንዱ ለዘመን ይቀነስና ወንበሩ 10 ነው። 10 በ19 ሲባዛ 190፣ በ30 ሲገደፍ 10 ይቀራል፤ መጥቅዕ 10። መጥቅዕ ከ14 ሲያንስ የሚውለው በጥቅምት ነው። ጥቅምት 10 ቅዳሜ ዋለ፣ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፣ ሲደመር መባጃ ሐመሩ 18 ወጣ። የካቲት 18 ጾመ ነነዌ ገባ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲታከልበት ፋሲካ ሚያዝያ 27 ሆነ። ለኮምፒውተር ይህ ጥቂት መስመር ነው፤ መግደፍ ማለት አካፍሎ ቀሪውን መያዝ እንጂ ሌላ አይደለም። ባሕረ ሐሳብን ያስተማሩን የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ፕሮግራም ጻፊዎች ነበሩ ማለት ይቀናኛል፤ የጎደላቸው ዩኒቫክ ብቻ ነው።

ሚያዝያ 27 ደግሞ የአርበኞች የድል በዓል ነው። ፋሲካ በመሆኑም እሑድ ነው። ፕሮግራሙ ለአንድ ቀን ሁለት መዝገብ ላከ፣ ከሥራ ቀናት ግን አንድም አልጎደለም፤ እሑዱ ቀድሞውንም ተሰርዟል። በዓላትን በዝርዝር ቆጥሮ ከጠቅላላው ቀን የሚቀንስ ሰው ለዚህ እሑድ ብቻ ያለ ምክንያት ሁለት የሥራ ቀን ከራሱ ላይ ይወስዳል።

ኤፒአይ የማይፈታው በጨረቃ የሚወሰነውን በዓል ነው። ረመዳን 29 ወይም 30 ስለሚሞላ ለዒድ አልፈጥር ሁለት ቀን እልካለሁ፤ ማታ ውሳኔው ሲነገር ትርፉ ይሰረዛል። ኮንክሪት አቅራቢው ግን ትእዛዙን ቀደም ብሎ ማወቅ አለበት። ስለዚህ በእነዚያ ሁለት ቀናት ላይ ሙሌት አላስገባም፤ ቢሠራም ባይሠራም የማይበላሽ የፌራዮና የአናፂ ሥራ ብቻ።