ያላወቁት ፍሬ እንዴት ይታወቃል?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ በሬን አንኳኳ። የሰባት ዓመት ልጅ ነው። በእጁ ከአጥራችን ጥግ ካለው ዛፍ ሥር ያነሳውን አረንጓዴ ፍሬ ይዟል። «ጋሼ፣ ይኼ ይበላል?» አለኝ። አፉ ዙሪያ ነጭ ነገር ተለድፏል። ጥያቄው ዘግይቶ የመጣ መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

ግቢውን ከተከራየሁ ገና ስድስት ወሬ ነበር። የዛፉን ስም የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። እናቱ ልጇን አንጠልጥላ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች፤ እኔም ፍሬውንና አንድ ቅርንጫፍ ይዤ ተከተልኳት። (አንባቢያን ይህችን ልብ በሉልኝ፦ ልጅ ያልታወቀ ነገር ከበላ የቀረውን ሳይጥሉ ይዞ መሄድ ሐኪሙን ይረዳል።) ልጁ ለጥቂት ሰዓታት ክትትል ተደርጎለት በደህና ተመለሰ። አከራዬ ግን በስልክ ፍርድ ሰጥተው ነበር፦ «ዛፉን ነገ አስቆርጠዋለሁ!»

የሕግ ትምህርት ካስለመደኝ ነገር አንዱ ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድበትም የሚለው ነው። የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ለመንኳቸውና ማስረጃ ማሰባሰብ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ምስክር ቅጠሉ ነው። ከአንድ ዘንግ ጫፍ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ቅጠሎች እንደ እጅ ጣት ተዘርግተው ይታያሉ። ይህ ብቻውን ዘይቱንን፣ አቮካዶንና ግሽጣን ነፃ ያወጣል፤ የነሱ ቅጠል ነጠላ ነው። ሁለተኛው ምስክር ፍሬው ነው። መጠኑ ብርቱካን ያህላል፤ ልጣጩ ስስና ለስላሳ ሲሆን ሲበስል ወደ ቢጫነት ያደላል። ሦስተኛው ምስክር ውስጡ ነው። ሲከፈት ነጣ ያለና እንደ ክሬም የለሰለሰ ሆኖ ይገኛል። ዘሮቹ ከአንድ እስከ ስድስት ቢደርሱ ነው፤ የብርቱካን ዘር ይመስላሉ፣ ግን እጅግ ይተልቃሉ። አቮካዶ አንድ ትልቅ ዘር ብቻ አለው፤ የዘይቱን ዘር ደግሞ ጥቃቅንና ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ለአንድ የእርሻ ምሩቅ ወዳጄ ባሳየው ሳቀብኝና «ካዝሚር ነው እኮ!» አለኝ። የአማርኛው ስም ካሲሚሮዋ ኢዱሊስ ከሚለው ሳይንሳዊ ስሙ ጋር መመሳሰሉን ያስተውሏል። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1825 ያወጣለት ፓብሎ ዴ ላ ያቬ የተባለ የሜክሲኮ ቄስና የተፈጥሮ ተመራማሪ ሲሆን፣ መታሰቢያነቱም በሜክሲኮ የነፃነት ጦርነት ለወደቀው ካሲሚሮ ጎሜዝ ነው። በዝምድናው ከብርቱካን፣ ከሎሚና ከኛው ጤና አዳም ቤተሰብ ይመደባል።

«ኢዱሊስ» በላቲን «የሚበላ» ማለት ነው። ታዲያ ተከሳሹ ነፃ ወጣ? ሙሉ በሙሉ አይደለም። የሚበላው የበሰለው ለስላሳ ክፍል ነው። ዘሩ ግን መርዛማ ስለሆነ ለሰውም ለከብትም መሰጠት የለበትም። በጥንቱ የሜክሲኮ ሕዝብ በናዋትል ቋንቋ የፍሬው ስም ከእንቅልፍ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቅጠሉና ዘሩም እንቅልፍ ለማምጣት በባህል መድኃኒትነት ሲያገለግሉ ኖረዋል። ይህ ግን ለቤት ውስጥ ሙከራ ፈቃድ አይሰጥም። የኛው ትንሽ ሰውዬ የዳነው ዘሩን ስለተፋው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ አጉል ማስረጃዎችን ውድቅ ላድርግ። አንደኛው «ወፍ ከበላው ሰውም ይበላዋል» የሚለው ነው። ወፍ የሚችለውን ሁሉ የሰው ሆድ አይችልም። ሁለተኛው «መርዝ መራራ ነው፤ ቀምሶ መተው ይቻላል» የሚለው ነው። በሞቃት አገሮች ለጌጥ የሚተከል፣ ቢጫ የደወል ቅርጽ አበባ ያለው አንድ ተክል አለ፤ እንግሊዞቹ «የሎው ኦሊያንደር» ይሉታል። ዘሩ የልብን ምት የሚያዛባ መርዝ ስላለው በስሪላንካ ብዙ ሰው ገድሏል። ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር የቅምሻ ቀልድ የለም።

እንደኔ ወዳጅ የሌለው ሰውስ ምን ያድርግ? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው ብሔራዊ ሐርባሪየም አለ፤ የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች የሚጠበቁበት ቤት ነው። የአገራችንንና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝረው ባለ ስምንት ቅጹ መጽሐፍ በዚያው ባለሙያዎች አስተባባሪነት እ.ኤ.አ. በ2009 ተጠናቋል። ናሙና ሲወስዱ ፍሬውን ብቻ አይዙ። ቅጠል ያለበትን ቅርንጫፍ፣ ከተገኘም አበባውን ጨምረው በጋዜጣ መሐል ተጭነው ያድርቁ። የተገኘበትን ቦታ፣ ቀኑንና የዛፉን ቁመት ይጻፉ። ሲደርቅ የሚጠፋውን ቀለምና ሽታም ያስፍሩ።

አከራዬ ይግባኙን ሰምተው ፍርዳቸውን ሽረዋል። ዛፉ አልተቆረጠም። የሰፈሩ ልጆች ካዝሚሩን የሚበሉት ግን እኔ ወይም እናታቸው ባለንበት ነው። ዘሩን ቆጥረው ያስረክቡናል።