ተሳቢ መኪና በአፋር በረሃ፦ ማዳበሪያ ከጅቡቲ ወደብ እስከ ደጋው ማሳ

በቀየትና በሌሎች የሰሜን ሸዋ ደጋማ አካባቢዎች ገበሬው ማሳው ላይ የሚጠቀምበት የአፈር ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ ነው። ከወደቡ ከፊሉ በባቡር ይነሣል፤ በመንገድ የሚመጣውን ደግሞ ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪናዎች ያጓጉዙታል። ይህ ጽሑፍ ያ ጉዞ እንዴት እንደሚከናወን፣ ለምን ጊዜ እንደሚወስድና ተቀባዩ ምን ሊያውቅ እንደሚገባ ያብራራል።

ተሳቢ ምንድን ነው?

ተሳቢ የራሱ ሞተር የሌለው፣ በሌላ መኪና የሚጎተት የጭነት አካል ነው። ሙሉ ተሳቢ የፊትና የኋላ ጎማዎች ያሉት ሲሆን በብረት መጎተቻ ከመኪናው ኋላ ይያያዛል። ከፊል ተሳቢ ግን የፊት ጎማ ስለሌለው የክብደቱን ከፊል በጎታቹ ላይ ያሳርፋል። አንድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው 400 ኩንታል ያህል ይጭናል፤ ይህም ባለ 50 ኪሎ ግራም 800 ከረጢት ማለት ነው። ለአንድ ሄክታር ሁለት ኩንታል ቢታሰብ የአንድ መኪና ጭነት 200 ሄክታር ያዳርሳል። አንድ መኪና መንገድ ላይ ሲቀር የሚጎዳው እንግዲህ ባለንብረቱ ብቻ አይደለም።

መንገዱ

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪቀሰቀስ ድረስ አሰብ ዋነኛ የገቢ በር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከጅቡቲ የሚነሣ መኪና በጋላፊ ድንበሩን ተሻግሮ በዲቾቶ፣ በሰርዶ፣ በሰመራና በሎጊያ አልፎ ሚሌ ይደርሳል። ከሚሌ አንዱ መንገድ በገዋኔ ወደ አዋሽ፣ ሌላው በባቲ ወደ ኮምቦልቻ ያመራል። በኮምቦልቻ በኩል የመጣ መኪና ከሚሴንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ የደብረ ሲናን ዳገት ወጥቶ፣ በጣርማ በር ደብረ ብርሃን ይገባል።

በረሃው የሚጠይቀው

በሰመራ አካባቢ የበጋው ሙቀት ሳይሆን የሰኔና የሐምሌው ይከፋል፤ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይወጣል። ይኸውም ደጋው ማዳበሪያ በጥብቅ የሚፈልግበት ወቅት ነው። በዚህ ሙቀት ቀድሞ የሚፈተነው ጎማ ነው። ነፋሱ ያነሰ ጎማ እየተጣጠፈ ስለሚሽከረከር ከልክ በላይ ይግላል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል። ስለዚህ ነፋስ የሚለካው ጎማው ሳይግል፣ ከመነሻው በፊት ነው። በጉዞ ላይ የጋለን ጎማ ማስተንፈስ ስሕተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ነፋሱ ከሚገባው በታች ይሆናልና። በጥንድ ጎማዎች መካከል የተሰነቀረ ድንጋይም በየማረፊያው ሊወገድ ይገባል።

ከአስፋልቱ ወጥቶ አሸዋ ውስጥ የገባ መኪና ሞተሩን ባስጮኸ ቁጥር ይበልጥ ይሰምጣል። የሚሻለው ተሳቢውን ፈትቶ መጀመሪያ መኪናውን ማውጣት፣ ከዚያም ተሳቢውን በገመድ መሳብ ነው። ከመፍታት በፊት ለተሳቢው ጎማዎች ታኮ ማድረግ ግዴታ ነው። በክረምት ደግሞ በቆላው ሰማይ ጠርቶ ሳለ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ደረቁን ወንዝ በድንገት ሊሞላው ይችላል። ጎርፍ እስኪጎድል መጠበቅ እንጂ ጥልቀቱን በመኪና መሞከር አይገባም።

ፍሬንና ዳገት

የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በታመቀ ነፋስ ነው። ከጎታቹ ወደ ተሳቢው ሁለት ቱቦዎች ይሄዳሉ፦ አንዱ ነፋስ ይመግባል፣ ሌላው የሹፌሩን ትእዛዝ ያደርሳል። መጋቢው ቱቦ ቢበጠስ ተሳቢው ራሱን እንዲይዝ ሆኖ ተሠርቷል። ሆኖም ቁልቁለት ላይ ፍሬንን ያለማቋረጥ የሚረግጥ ሹፌር ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ የኋላው ክብደት የፊቱን ይገፋል። መድኃኒቱ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሶ በሞተር ኃይል እየያዙ መውረድ ነው።

ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ወደሚለው ጣርማ በር የሚወጣ ባለተሳቢ በዝቅተኛ ማርሽ ያዘግማል። ጭጋግም ያጋጥመዋል። በጠባብ መታጠፊያ ተሳቢው ከመኪናው ይልቅ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ስለሚቆርጥ፣ እግረኛም ሆነ ሌላ ተሽከርካሪ በዚያ በኩል መጠጋት የለበትም። በመንገዱ ዳር ከብት የሚያግዱ ልጆችም ይህን ሊነገራቸው ይገባል።

ጭነቱ ሲደርስ

ዩሪያ ከአየር ርጥበት ይስባል። ሸራው በተቀደደበት መኪና የመጣ ከረጢት ጭጋጋማው ደጋ ሲደርስ ሊረጥብና ሊጋገር ይችላል። ስለዚህ ተቀባዩ ሳይፈርም የከረጢቱን ስፌት፣ ክብደትና ድርቀት ይመልከት። ማዳበሪያው በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ማዳበሪያ ዘግይቶ ሲመጣ ሹፌሩን ማጣደፍ የዘር ጊዜን አይመልስም። የሚያተርፈው ጭነቱ ከወደብ ቀደም ብሎ እንዲነሣ ማድረግ ነው፤ በረሃውና ዳገቱ የሚፈልጉት ጊዜ ከወዲሁ ተቆጥሮ ሊያዝ ይገባልና።