ብርሃንን ታግሦ መቀበል፤ ከመቅደላ እስከ ልደታ ሐዲድ

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የብርሃን ጽሕፈት ማለት ነው። ጸሐፊ ያለ ቀለም እንደማይጽፍ ሁሉ ካሜራም ያለ ብርሃን አይሠራም፤ ብርሃኑ ያነሰ እንደ ሆነ ዓይኑን ከፍቶ ብዙ መቆየት ይኖርበታል። ዛሬ በፀሐይ የሚነሣ ሥዕል ከሰከንድ መቶኛ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል። በጥንት ዘመን ግን ቆይታው ረጅም ስለ ነበር በሥዕሉ ላይ ማን እንደሚታይና ማን እንደሚጠፋ የሚወስነው እርሱ ነበር። ይህን ያልተረዳ ሰው የጥንቱን ፎቶግራፍ ሲመለከት ታሪኩን አጣሞ ያነባል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1838 ዓመት ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ ከሥራ ቤቱ መስኮት ሆኖ በፓሪስ ከተማ አንድ ሰፊ መንገድ አነሣ። ካሜራው ለደቂቃዎች ያህል ተከፍቶ ስለ ቆየ የሚመላለሰው ሰውና ሠረገላ ሁሉ ምልክት ሳይተው አለፈ። ጐልቶ የቀረው ጫማውን ለማስጠረግ እግሩን አስቀምጦ የቆመ አንድ ሰው ነው። እንግዲህ በፎቶግራፍ ላይ መጀመሪያ ከታዩት ሰዎች አንዱ የሊስትሮ ደንበኛ ነበር ማለት ነው! ሊስትሮው ግን ሥራ ላይ ስለ ነበር ደብዝዞ ነው የሚታየው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1860 ዓ.ም. ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋራ ፎቶግራፍ አንሺዎች የሆኑ የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮች መጥተው ነበር። የዚያን ጊዜው ሥራ እጅግ አድካሚ ነው። በመስተዋት ላይ ኮሎዲዮን የተባለ ፈሳሽ ይቀባል፤ መስተዋቱ በብር ጨው ይነከራል፤ ከዚያም ሳይደርቅ በካሜራው ውስጥ ገብቶ፣ ብርሃን ተቀብሎ፣ ወዲያው በጨለማ ድንኳን ውስጥ መታጠብ አለበት። ስለዚህ ሳጥኑን፣ መድኃኒቱንና መስተዋቱን ሁሉ ያን ገደልና ዳገት በከብት ጭነው መውጣት ነበረባቸው። ተራራና አምባ አይነቃነቅምና እንዲህ ላለው ሥራ የተመቸ ነው። ሰው ግን ጸጥ ብሎ ካልቆመ ይደበዝዛል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ቀን ሞቱ። ልጃቸው ደጃዝማች ዓለማየሁ ያን ጊዜ 7 ዓመቱ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም ከጦሩ ጋራ ሲጓዙ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ልጁን ወደ እንግሊዝ አገር ይዞት የሄደው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ አበሾች ባሻ ፈለቀ ይሉት ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ ዓለማየሁን ብቻውንም፣ ከባሻ ፈለቀም ጋራ አነሣችው።

ይህች ሴት በቤት ውስጥ ባለ ለስላሳ ብርሃንና በትልልቅ መስተዋት መሥራት ስለምትወድ፣ የምታነሣቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ለደቂቃዎች ያህል ሳይነቃነቁ እንዲቀመጡ ታስገድድ ነበር። ብዙዎች የዓለማየሁን ፊት አይተው ኀዘኑን ከዓይኑ እናነባለን ይላሉ። እኔ ግን በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል እላለሁ። በዚያ ዘመን ሥዕል የሚነሣ ሰው፣ ንግሥትም ትሁን ገበሬ፣ ፈገግታን ያን ያህል ጊዜ ይዞ መቆየት ስለማይችል ፊቱን ያጠነክራል። የልጁ ኀዘን ምስክር የሚሆነን በጥቂት ወራት ውስጥ አባቱን፣ እናቱንና አገሩን ማጣቱ ነው፤ ለዚህ ፎቶግራፍ አያስፈልግም። ፎቶግራፉ በርግጥ የሚነግረን አንድ የ7 ዓመት ሕፃን በማያውቃቸው ሰዎች መካከል አትነቃነቅ ተብሎ መቀመጡን ነው። ይህም ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

በዛሬው ዲጂታል ካሜራ ግን ረጅም ቆይታ ግዴታ መሆኑ ቀርቶ ምርጫ ሆኗል። በሰፈራችን በልደታ፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በድልድይ ላይ ያልፋል፤ ሁለቱ መሥመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ጣቢያ በአንድ ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ። ማታ ይህን ለማንሣት የሚፈልግ ተማሪ ካሜራውን በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ያስር፤ አይኤስኦ የሚባለውን ወደ 100 ያውርድ፤ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 11 ያጥብብ፤ ከ15 እስከ 20 ሰከንድም ክፍት ያድርገው። በጣት ሲጫኑት እንዳይንቀጠቀጥ 2 ሰከንድ ዘግይቶ እንዲከፈት ማዘዝ ይጠቅማል። ባቡሩ ራሱ አይታይም፤ መብራቱ ግን እንደ ተዘረጋ ክር ሆኖ ይቀራል። ብርሃንን አንድ ሺህ ጊዜ ያህል የሚቀንስ ጥቁር መስተዋት በሌንሱ ላይ ቢደረግ ደግሞ በቀትርም ቢሆን ለበርካታ ሰከንዶች ማቆየት ይቻላል።

በእንዲህ ያለው ሥዕል ድልድዩና ፎቁ ጥርት ብለው ሲወጡ፣ ከሥራ ወደ ቤቱ የሚጣደፈው ሕዝብ ልክ እንደ ፓሪሱ መንገደኛ ይጠፋል። ካሜራው የሰከንዱን ቁጥር በራሱ ይመዘግባል፤ ሥዕሉ በወረቀት ከታተመ በኋላ ግን ቁጥሩ አብሮ አይሄድም። ስለዚህ ከሥዕሉ ሥር ቀኑን፣ ሰዓቱንና ካሜራው ስንት ሰከንድ እንደ ቆየ መጻፍ ያስፈልጋል። አለዚያ ከመቶ ዓመት በኋላ ያን ወረቀት የሚያገኝ የታሪክ ተማሪ፣ ልደታ ሲመሽ ሰው የማይታይበት ጭር ያለ ሰፈር ነበር ብሎ ይጽፍ ይሆናል።